የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከማስተማር ሌላ ምን ይሠራሉ?

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ሳስተምር፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፥ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች በሳምንት የሚያስተምሩት ጥቂት ሰዓት ነው ይባላል። በቀረው ጊዜ ምን ይሠራሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔም ፈገግ ብዬ «ምርምር ያደርጋሉ» አልሁና ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ልጁ ግን ገና እንደ ቆመ ነበር፤ «ምርምር ማለትስ ምን ማለት ነው?» አለ። መልስ ሳልሰጠው ደወሉ ተደወለ።

ውድ አንባቢ፥ ደወሉ እኔን አዳነኝ እንጂ ጥያቄውን አልመለሰውም። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ነገሩን ባወጣው ባወርደው፥ እኔ ራሴ በኮሌጅ ስማር የመምህሮቼን የሥራ ክፍል በር አልፌ ከመሄድ በቀር፥ በውስጡ ምን እንደሚሠሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ እንደማላውቅ ተረዳሁ። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን። ምርምር ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ነጭ ካፖርት ለብሶ ብልቃጥ የሚመለከት ሰው ነው። ነገሩ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው እናቶቻችን ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው።

በዓድዋ ወንዝ ዳር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964፥ ዕድሜአቸው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላ አክሊሉ ለማ የተባሉ የሳይንስ ሰው የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ በሽታ አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ደቃቅ ፍጥረት ግን ወዲያው ሰውን ሊይዝ አይችልም፤ በመጀመሪያ በውሃ ውስጥ በምትኖር በአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ መራባት አለበት። ከዚያ ከወጣ በኋላ ነው ሊዋኝ፥ ልብስ ሊያጥብ ወይም ውሃ ሊቀዳ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው። ስለዚህ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች የበሽታው መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በብዛት ሞተው ነበር። በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ ካደረጉ በኋላ፥ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። ጥቂት እንደ ቆየ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህን አረፋ ከዚያ በፊት ስንት ሰው አይቶት ይሆን? እንዶድ ሳሙና ወደ አገራችን ሳይገባ ጀምሮ ጋቢውና ነጠላው የሚነጣበት የአገር ሳሙና ነው። አጣቢዎቹ አይተውታል፤ ከብት የሚያጠጡ እረኞች አይተውታል፤ መንገደኛም በላዩ ተሻግሯል። የእንዶድን ጥቅም ያገኙት እናቶቻችን ናቸው እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አይደሉም። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ላይ የጨመሩት «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ «ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ» በማለትና «እንዶድ የሕዝቡን በሽታ ይቀንሳል» በማለት መካከል ብዙ ዓመትና ብዙ ዓይነት ዕውቀት አለ። ተማሪዬ ምርምር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝም ይህንኑ መካከለኛውን ነገር ነው።

የእንዶድ መርዝነት በምኑ ላይ ነው? ይህን የሚመልስ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር እንዳለ ታወቀ፤ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ክፍልም ለዶክተር አክሊሉ መታሰቢያ «ለማቶክሲን» ተብሎ ተሰየመ። ከየትኛው ስፍራ የመጣው እንዶድ ይበልጣል? ይህን የሚመልስ የዕፀዋትና የእርሻ ዐዋቂ ነው። የሥራ ጓደኛቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ በኩል ደክመዋል፤ ከልዩ ልዩ ስፍራ ተሰብስበው ከተወዳደሩት የእንዶድ ዓይነቶችም «ዓይነት 44» የተባለው ተመረጠ። ሕዝቡስ በእርግጥ ተጠቀመ? ይህን ለመመለስ ሰውን እየመረመሩ መቁጠር ያስፈልጋል።

ቆጠራውም ተደረገ። ከ1969 እስከ 1974 ለ5 ዓመት በዓድዋ ውሃዎች እንዶድ እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። በሽታው ያለበት ሰው ከመቶ 63 ወደ 34 ዝቅ አለ። በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ውድ አንባቢ፥ ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። አዋቂው ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የያዘውን ትል ለብዙ ዓመት በሰውነቱ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ የተወለደ ሕፃን ግን ውሃው መንጻቱን ወይም አለመንጻቱን በራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር የሳይንስ ብቻ አልነበረም። በአፍሪቃ ላቦራቶሪ፥ በአፍሪቃ ሊቃውንት የተሠራ ጥናት በውጭ አገር ባለሥልጣኖች ዘንድ ቶሎ አልታመነም። ስለ መድኃኒቱ ደኅንነት በውድ ላቦራቶሪ የሚደረግ ሌላ ምርመራ ተጠየቀ፤ ዓመታትም አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ትልቁ መሰናክል የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን በአፍሪቃውያን የምርምር ሥራ እምነት ማጣት መሆኑን በግልጽ ይናገሩ ነበር። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት በስቶክሆልም የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

ለእውነት ያህል መናገር የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ በአገራችን ቢልሃርዚያን ለመዋጋት በብዛት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ቀንድ አውጣዋ ግን በወንዙ ውስጥ እንዳለች ትቀራለች፤ የዳነውም ልጅ ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል። እንግዲህ በዓድዋ ወንዝ ዳር የተጀመረው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

የመሬትን ታሪክ ከዜና መዋዕል

አንዱ ዕውቀት ብቻውን የማይዘልቀው በሕክምና ጉዳይ ብቻ ነው እንዳይሉ፥ ከወንዙ ዳር ተነሥተን እግራችን ስለ ቆመባት ስለ መሬት እንጠይቅ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፥ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ሁሉ ሌሊት እየነቃ «እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃልን?» ሲል ነበር።

ይህን ጥያቄ ቀድመው የጠየቁ ሰው ነበሩ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዌን በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። ጊዜውም ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የተሰየመው 1957 እና 1958 ነበር። ጣቢያው ከተቋቋመ ጥቂት ዓመት ሳይሆን በ1961 በካራቆሬ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ የማጀቴም ከተማ ፈረሰች።

ሆኖም መሣሪያ የሚናገረው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የመሬት ነገር ደግሞ በመቶ ዓመትና በሺህ ዓመት የሚቆጠር ነው። ጉዌን ምን አደረጉ? ከመሣሪያው ዘንድ ተነሥተው ወደ መጻሕፍት ሄዱ። የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ማስታወሻ እያገላበጡ፥ ምድር ተናወጠች የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ቀኑንና ቦታውን አመሳከሩ። በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪቃ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ።

ከዘመናት በፊት በብራና ላይ ይጽፍ የነበረው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ፥ ስለ ንጉሡ ውሎ ሲተርክ በመካከል የጣላት አንዲት ዐረፍተ ነገር የሕንፃ መሐንዲስን እንደምትረዳ አላሰበም። ግዕዝ የሚያነብ ባይኖር ኖሮ ግን ያ መሐንዲስ ይህን ማስረጃ ከወዴት ያገኘው ነበር? የታሪክና የቋንቋ ትምህርት ምን ይረዳል የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ ከእንግዲህ የምነግረው ይህንን ነው።

29 ዓመት የፈጀ መጽሐፍ

እንዶድንም ሆነ ሌላውን ተክል ለማጥናት አስቀድሞ ስሙንና ዘመዱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ተክል በአንዱ አውራጃ አንድ ስም፥ በሌላው ሌላ ስም አለው፤ ሁለት ልዩ ልዩ ተክሎችም በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ በ1980 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት ሁሉ በመጽሐፍ ለመመዝገብ ተነሡ። ከስዊድን በኩል ፕሮፌሰር ኢንጋ ሄድበርግ፥ ከእኛ በኩል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በብዙ ከደከሙት መካከል ናቸው። ሥራው የተፈጸመው በ2009 ነው። ስምንት ክፍል ሆኖ በ10 መጻሕፍት የታተመ ሲሆን፥ ወደ 6,000 የሚሆኑ የዕፀዋት ዓይነቶች ተመዝግበውበታል።

ሥራው ሲጀመር የተወለደ ሕፃን ሲፈጸም የ29 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። በዚህ መካከል መንግሥት ተለውጧል፤ ጦርነትና ረኀብ አልፈዋል። ቅጠል እያደረቁ በወረቀት ላይ የሚያጣብቁት ሰዎች ግን ሥራቸውን አልተዉም።

ዕዳዬን ስከፍል

በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ሁሉ ለክፍሉ ነገርሁ። ያ ልጅ እጁን አላወጣም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። ስጨርስ ቀስ ብሎ «እናቴ ዛሬም ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነው» አለ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሣቀም። ከዚያም ቀና ብሎ «መምህር፥ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ከገደለ፥ ዓሣውንስ ምን ያደርገዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

እውነት ነው፥ ዓሣንም ይጎዳል። መጠኑንና የሚጨመርበትን ቦታ መለካት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ይህንኑ ነገርሁትና «ከዚህ በላይ ያለውን ገና የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል» አልሁት። ደብተሩን ገልጦ ጻፈው።

ውድ አንባቢ፥ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ በዩኒቨርሲቲ የሚማር ቢሆን፥ ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ፈተናው ውጤት ብቻ አይጠይቁት። መምህሮቹ በዚህ ዓመት የሚመራመሩት ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁት። የማያውቅ ቢሆን ሄዶ በራቸውን ያንኳኳ። እኔ በጊዜዬ ሳላንኳኳ ቀርቻለሁ።