ከእንጦጦ ማዶ ያለው ግጦሽና የሚነደው ናይትሮጅን

ዝናብ እስካልጎደለ ድረስ፣ በግጦሽ መሬት ላይ ምን ያህል ሣር እንደሚበቅል በዋናነት የሚወስነው አፈሩ የሚያቀርበው ናይትሮጅን ነው። እጥረቱ ሲብስ ሣሩ ይገረጣል፣ ቶሎም ያሸታል፤ ከብቱም ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ያለው ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሸንተረሩ ውኃ መለያ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚፈሰው አዋሽን፣ ወደ ሰሜን የሚፈሰው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የቁልቁለቱን አፈር ጎርፍ አሳስቶታል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር አለ።

አፈር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን አብዛኛው በበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ውስጥ የታሰረ ነው። ሥር የሚያገኘው ረቂቅ ተሕዋስያን ሲፈቱት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እንዳሳየው፣ በበጋ የደረቀ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ተሕዋስያኑ በአንዴ ይነቃሉ፤ በጥቂት ቀናትም ብዙ ናይትሮጅን ይለቃሉ። ክፋቱ፣ በዚያ ጊዜ የሣሩ ሥር ገና አልጠናም። በጣም የተጋጠ መስክ ሥሩም አጭር ስለሚሆን፣ የተለቀቀውን ሳይጠቀምበት የሐምሌ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

ከብት ናይትሮጅንን አይጨርሰውም፤ ያዘዋውረዋል እንጂ። ላም ከበላችው ውስጥ በወተትና በሥጋ የሚቀረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም፤ ሌላው በእበትና በሽንት ይመለሳል። የሚመለሰው ግን መስኩን አያዳርስም። ላም የሸናችበት ጠባብ ቦታ በሔክታር ሲሰላ በመቶዎች ኪሎ ግራም የሚቆጠር ናይትሮጅን ያርፍበታል፤ ሣሩ ይህን ሁሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያ ቦታ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያል። ዙሪያው እስከ አፈሩ ተግጦ ሳለ፣ እበት በወደቀበት ዳር የበቀለውን ግን ከብቱ አሽትቶ ያልፈዋል። ውኃ መጠጫው፣ የማረፊያው ጥላ ሥርና የበረቱ ደጃፍ ፍግ ሲከማችባቸው፣ ርቆ ያለው መስክ እየተራቆተ ይሄዳል።

ከዚህ የከፋው ኪሳራ የሚጀምረው እበቱ ከመስኩ ሲነሳ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የአካባቢው ደን እየተመናመነ ነበር። ኋላ የመጣው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን ምድጃ ቢታደግም፣ ኩበት ተፈላጊነቱ አልቀረም። እርጥቡ እበት በእጅ ይለቀማል፣ ከገለባ ጋር ይታሻል፣ በመዳፍ ይጠፈጠፋል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆም ይከመራል። ለምጣድ የሚመረጠው እሳቱ እኩል ስለሆነና ቶሎ ስለማይጠፋ ነው። ደረቅ እበት ከክብደቱ አንድ ተኩል በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው፤ አንድ ቶን ሲነድ 15 ኪሎ ግራም ያህሉ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ይህም ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን የሚደፋው ጓሮ ነው። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባላት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኩበት የሚያነዱትን እናቶች መውቀስ ግን ነውር ነው፤ ሌላ ማገዶ በሌለበት ቤትም እንጀራ መጋገሩ አይቀርም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ሲሠራበት የኖረው ጓይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ያደረ መሬት ይታረስና አፈሩ እየተከመረ፣ እበት ገብቶበት ቀስ ብሎ ይነዳል። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ጥሪቱ የተቃጠለው መሬት ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል።

ድርቆሹም የራሱን ይወስዳል። ክረምቱ ሲወጣ የሱሉልታ ሣር ታጭዶና ታስሮ ለአዲስ አበባ ላሞች ይጫናል። ዘግይቶ የታጨደ የመስክ ሣር 6 በመቶ ያህል ፕሮቲን ቢኖረው፣ አንድ ቶኑ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ይዟል። ከአንድ ሔክታር 3 ቶን ሲታጨድ 30 ኪሎ ግራም ሄደ ማለት ነው፤ ፍጉም ከተማ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን በሆነው ዩሪያ መሙላት ቀላል ይመስላል። ዩሪያው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ በጎዴ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተፈረመው ገና በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ደግሞም አበታተኑ ካልታወቀበት ይባክናል። ጤዛ ብቻ በነካው መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል። ውኃ በተኛበት ጥቁር አፈር ደግሞ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ያጠፉታል። የሚያዋጣው ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ሣሩ በፍጥነት ሲያድግ፣ ውኃ በማይተኛበት ቦታ ከፋፍሎ መበተንና ሣሩ ነፍስ እስኪዘራ ከብቱን መከልከል ነው።

ደጋው የራሱ ናይትሮጅን አምራች አለው፤ እሱም ማገጥ ነው። ነቅለው ሲያዩት ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ። ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ፣ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመውና መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የማገጥ ዝርያዎች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ፎስፈረስ ሲጨመርላቸው ምርታቸው በእጅጉ ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል እንግሊዝ አገር ሮትሃምስተድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የቀጠለው የሣር ሙከራ እንደሚያሳየው፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በብዛት የሚደረግበት መስክ ማገጥን የመሰሉ ዕፅዋትን እያጣ ይሄዳል። ያለ ልክ የሚበተን ዩሪያ፣ በነጻ የሚገኘውን ናይትሮጅን ያስቀራል ማለት ነው።

የጋራ ግጦሽ ላይ ግን ማዳበሪያም ሆነ የማገጥ ዘር ማን ይገዛል? ሁሉም የሚያሰማራበትን መስክ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያለማው አይችልም። በመንዝ ጓሳ የነበረው የቄሮ ሥርዓት መስኩን ለዓመታት ዘግቶ በተራ የሚከፍት ነበር፤ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ከእንጦጦ ማዶ ባሉ ቀበሌዎችም ሕዝቡ ተስማምቶ መስኩን እያፈራረቀ ቢዘጋ፣ በረቱን ከቦታ ቦታ ቢያዘዋውርና ለምጣዱ ሌላ ማገዶ ቢያገኝ፣ ወጪው ከዩሪያ ያነሰ፣ ጥቅሙም የበለጠ ይሆናል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ለጤፍና ለስንዴ ማዳበሪያ ሲያቅዱ፣ ለግጦሽ መሬት ፎስፈረስና የማገጥ ዘር አብረው ሊያቅዱ ይገባል።