ከሳጥኑ በፊት ጠባቂው፦ ጂኦካቺንግ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች

እንቆቅልሽ ሲጫወት ያደገ ሁሉ የሽንፈቱን ቅጣት ያውቀዋል። መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ መልሱን ይሰማል። ጂኦካቺንግ በተባለው ጨዋታ ደግሞ አገር የሚያገኘው ፈቺው ነው። ጥያቄው በቁጥር ይቀርባል፤ ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ በስንት ዲግሪ፣ ከግሪንዊች መስመር በስተምሥራቅ ወይም በስተምዕራብ በስንት ዲግሪ እንደሚገኝ ይነገራል። አዳማ ለምሳሌ በሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል፣ በምሥራቅ 39 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ትገኛለች። ተጫዋቹ ቁጥሮቹን ስልኩ ላይ አስገብቶ ይጓዛል። ስልኩ በገላጣ ቦታ የሚስተው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረውን ዓይንና እጅ ይጨርሱታል። ከድንጋይ ጀርባ ወይም ከዛፍ ግንድ ሥር ክዳኑ ጥብቅ ያለ ሳጥን አለ። ያገኘው ሰው ውስጡ ባለችው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ሳጥኑን በነበረበት ይመልሳል፤ ማግኘቱንም በመተግበሪያው ላይ ያስመዘግባል።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ መፈለጊያ ቦታዎች አሉ። በጨዋታው ካርታ ላይ አውሮፓ በነጥብ ተሸፍኗል፤ ኢትዮጵያ ግን ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይታዩባታል። ከቢሾፍቱ እስከ ሻላ ያለው የስምጥ ሸለቆ ምድር ለዚህ ጨዋታ የተሰናዳ ይመስላል፦ ገላጣ ሰማይ፣ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች፣ ፍል ውሃ፣ ገደል፣ አሮጌ የባቡር መስመር፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚያዋጣ መንገድ። የጎደለው ተጫዋችና ጠባቂ ነው። ማኅበረሰቡን ከምን ተነሥቶ ማሳደግ እንደሚቻል ለመረዳት የጨዋታውን አነሣሥና ሕግ ማወቅ ይጠቅማል።

ከአንዲት ባልዲ የተነሣ ጨዋታ

ስልካችን ቦታን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው፤ ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። ስልካችን ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ያለንበትን ቦታ ያውቃል። የአሜሪካ መንግሥት ግን ለወታደራዊ ጥንቃቄ ሲል ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ በዚህ ምክንያት የጂፒኤስ መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። ይህ ማዛቢያ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ተዘጋ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል ስፍራ ጫካ ውስጥ አንዲት ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ፤ ቁጥሮቹንም በኢንተርኔት አሳወቀ። ደንቡ አጭር ነበር፦ ካለው ውሰድ፣ ከያዝከው ተው። ብዙም ሳይቆይ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው ባልዲዋን አገኛት።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ጄረሚ አይሪሽ የጨዋታውን ዋና መዝገብ ከፈተ። ይህን መዝገብ የሚያስተዳድረው ድርጅት መቀመጫው ሲያትል ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ በሰባቱም አህጉራት ተዳርሷል። በ2001 ዓ.ም. ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ የጠፈር ተጓዥ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሳይቀር አንድ መፈለጊያ አስቀምጧል።

ሕጉ ምን ይላል?

የመጀመሪያዋ ባልዲ ግማሽ አካሏ መሬት ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን ያለ ባለመሬቱ ግልጽ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፤ ሳጥን በአብዛኛው ይሸሸጋል እንጂ አይቀበርም። በሁለት ሳጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። የመሬቱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ መፍቀድ አለበት። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ስለትና ተቀጣጣይ ነገር በሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ሳጥን በካርታው ላይ ከመውጣቱ በፊት በፈቃደኛ ገምጋሚ ይታያል። የፍለጋው አስቸጋሪነትና የመንገዱ ክብደት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ልጅ የያዘ ቤተሰብም ሆነ ገደል የሚወጣ ጎረምሳ የሚመጥነውን አስቀድሞ ይመርጣል።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን ይህ ነው፦ ሳጥን ያስቀመጠ ሰው ይንከባከበዋል። ደብተሩ ሲሞላ ይቀይራል፤ ክዳኑ ሲሰበር ይጠግናል፤ ሳጥኑ ጠፋ ከተባለ ሄዶ ያያል። ለእረፍት መጥቶ ሳጥን ጥሎ የሚሄድ ሰው ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም፤ በአካባቢው የሚኖርና እንክብካቤውን የሚረከብ ሰው ማቅረብ ይኖርበታል። ስለዚህ ላንጋኖ ዳርቻ ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፍ የውጭ አገር ተጫዋች የቱንም ያህል ቢጓጓ፣ የአርሲ ነገሌ ወይም የባቱ ሰው ካልተባበረው ሳጥኑ በካርታው ላይ አይወጣም። ሕጉ ራሱ የአገሬውን ሰው ይጠራል። የማኅበረሰቡ መነሻም ይኸው ጥሪ ነው።

ሳጥን የማያስፈልገው ፍለጋ

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኧርዝካሽ የሚባል ሌላ ዓይነት ፍለጋ አለ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር የተባበረበት ነው። ኧርዝካሽ ሳጥን የለውም። ተጫዋቹ በቁጥሮቹ ወደ አንድ የተፈጥሮ ቦታ ይመራል፤ ስለ ምድሪቱ አፈጣጠር አጭር ትምህርት ያነብባል፤ ከዚያ በቦታው ካልተገኙ በቀር የማይመለሱ ጥያቄዎች ይጠየቃል። መልሱን ለጥያቄው አዘጋጅ ይልካል። የሚጠፋም የሚሰረቅም ነገር የለም፤ የሚቆፈር መሬት፣ የሚነሣ ድንጋይም የለም። በስምጥ ሸለቆ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም፤ ምድሪቱ ራሷ የተሞላች ሳጥን ናትና።

ከቢሾፍቱ እንነሣ። ሆራ አርሰዲ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅና ባቦጋያ የተኙባቸው ጉድጓዶች የተፈጠሩት ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ኃይል ሲፈነዳ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከአፋፉ የቆመ ሰው በገደሉ ግድግዳ ላይ የፍንዳታውን ንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ አመድና ፍርስራሽ ማየት ይችላል። ጥሩ ጥያቄም ከዚሁ ይወጣል፦ ንጣፎቹ ወደየት ያዘነብላሉ? ትልልቆቹ ድንጋዮች በየትኛው ንጣፍ ውስጥ ናቸው?

አዳማ ደግሞ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ጂኦሎጂስቶች ከጎረቤቷ ከወንጂ ስም ወስደው የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ባሉት ምድር ላይ ነው። የሸለቆው ሁለት ጎኖች በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ኡልመር ባልዲዋን ካስቀመጠበት ቀን ወዲህ ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተራርቀዋል ማለት ነው። ከከተማዋ በላይ ባለው ከፍታ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ወደ ተቋሙ ሳይጠጉ፣ ከከተማው ዳር ሆኖ ስለ ሸለቆውና ስለ ነፋሱ የሚጠይቅ ፍለጋ ማዘጋጀት ይቻላል። ሶደሬ ሲደርሱ ደግሞ ስንጥቁ ምን እንደሚሠራ በቆዳ ይታወቃል፤ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ወርዶ፣ በትኩስ ዐለት ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ፍል ውሃ ሆኖ ይመለሳል።

ወደ ምሥራቅ መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቶ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስለቅቋል። ወደ ደቡብ ግን አብያታ እየሸሸ ነው። አንዱ ሐይቅ ሲያድግ ሌላው ለምን ይጠፋል? የመስኖን፣ የወንዝንና የከርሰ ምድር ውሃን ነገር በአንድ ጉዞ የሚያስተምር ጥያቄ ነው። ከአብያታ አጠገብ ያለው ሻላ በጥንት የእሳተ ገሞራ ስምጠት ውስጥ የተኛ ሲሆን 266 ሜትር ይጠልቃል፤ በዳርቻው ፍል ውሃ ይንፈቀፈቃል። ሁለቱም በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆኑ የፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከባቱ በስተምዕራብ የጋደሞታ ተረተር አለ። በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በዚያ የተገኙ የባልጩት ጫፎች እየተወረወሩ ያገለገሉ የጦር ጫፎች እንደነበሩ አሳይቷል፤ የጥንቶቹ ዕድሜ ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ነው። እዚህ ድንጋይ ማንሣት ቅርስ መስረቅ ነው። ተጫዋቹ ሳይነካ ማየትን ይማራል። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ደግሞ የቱሉ ጉዶ ደሴት አለች። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚህች ደሴት ሸሽቶ እንደ ነበር ትውፊት ይናገራል። የሸሸጉትን አደራ የመጠበቅ ታሪክ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

ጠባቂውን ማን ያፈራል?

ኧርዝካሽ እግርን ያመጣል። ሳጥኖች ደግሞ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ፤ ለእነሱ ግን ጊዜ ወስዶ መዘጋጀት ይገባል። አዲስ ተጫዋች ሳጥን ከማስቀመጡ በፊት ቢያንስ ሃያ ያህል ፈልጎ እንዲያገኝ ይመከራል። ነጥቦች በጠፉበት አገር ይህ ስለሚከብድ፣ በውጭ የሚኖሩና ጨዋታውን የሚያውቁ ወገኖቻችን ለእረፍት ሲመጡ ከጀማሪዎች ጋር ቢወጡ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። አንድ ልምድ ያለው ሰው ጥሩ መሸሸጊያ ምን እንደሚመስል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳያል።

ሁለተኛው ነገር የቦታ ምርጫ ነው። በእኛ ከተሞች ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ መንገድ ዳር ቢገኝ ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ባለቤት ባለበት ግቢ ቢሆኑ ይሻላል፦ በሎጅ የአትክልት ስፍራ፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ በቡና ቤት በረንዳ። ሳጥኑ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፤ ምን እንደሆነና የማን እንደሆነ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በላዩ ይጻፍበት። በሌላው ዓለም የሚወደደው የጥይት ሳጥን እዚህ ፈጽሞ አይታሰብ። ከቆቃ ግድብ፣ ከባቡር መስመር፣ ከወታደራዊ ስፍራና ከኃይል ማመንጫ መራቅ ግዴታ ነው። የእምነት ቦታና የኢሬቻ ሥርዓት የሚፈጸምበት የሆራ ዳርቻ ለጨዋታ አይሆኑም። የቆቃ አዞና ጉማሬ፣ የሻላ ፍል ውሃ ሊያቃጥል መቻሉ፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ዙሪያ የታየው የመሬት መንቀጥቀጥና የመሬት መሰንጠቅ በየመግለጫው በግልጽ መጻፍ አለባቸው።

ሦስተኛው፣ የቦታውን ሰው ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። የባጃጁ ነጂ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚዘጋ ያውቃል። የዝዋይ ጀልባ ቀዛፊ ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት ያውቃል። የሎጁ ጥበቃ በየቀኑ በሳጥኑ አጠገብ ያልፋል። የአዳማ የጂኦሎጂ ተማሪ ለኧርዝካሽ ትምህርቱን መጻፍ ይችላል። አስጎብኚው ያንኑ ትምህርት ለእንግዳው ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ሳይጠየቁ የተቀመጠ ሳጥን ልጆች አግኝተውት ሊወስዱት ወይም ዝናብ ሊያበሰብሰው ይችላል። እነሱ የእኔ የሚሉት ሳጥን ግን ዓመታት ይቆያል። ደብተሩ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ቀለሙ በእርጥበት ከሚፈስ እስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ተጨምሮለት፣ ከክረምት በፊትና በኋላ አንድ አንድ ጊዜ ከታየ ይበቃዋል።

አራተኛው መገናኘት ነው። የጨዋታው ሕግ ተጫዋቾች ተቃጥረው የሚገናኙበትን ዝግጅት እንደ አንድ ነጥብ ይቆጥራል፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች ለጽዳት የሚወጡበት ልማድ አለ። በወር አንድ እሑድ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በቢሾፍቱ ወይም በላንጋኖ ዳርቻ ፕላስቲክ ለቅሞ ቡና መጠጣት ሳጥን ባይኖርም ማኅበረሰብ ይፈጥራል። ሐይቁም ይጸዳል፤ የአካባቢው ሰውም እነዚህ ስልክ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ በዓይኑ ያያል።

በሐይቆቻችን ዳርቻ ያደገ ልጅ ስለ ገደሉ አፈጣጠር ከእንግዳ ሳይሆን ከራሱ ሰፈር ሰው ቢሰማ፣ ጥያቄውንም እሱ ቢጽፈውና ከሩቅ አገር የመጣ ሰው መልሱን ለእሱ ቢልክለት፣ ለአገሩ ያለው ዓይን ይለወጣል። ጨዋታው ለእኛ ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ በአዳማ ወይም በባቱ ለመጀመር ያሰበ ቡድን ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ወረቀት አውጥቶ የጠባቂዎችን ስም ይጻፍ። ሦስት ስም ካገኘ ሦስት ሳጥን ያስቀምጥ። አንድ ስም ብቻ ካገኘ አንድ ሳጥን ይበቃዋል። ማንም ካልተገኘ ደግሞ በኧርዝካሽ ይጀምር፤ ጠባቂዎቹ ጥያቄውን ሊመልሱ ከሚመጡት መካከል ይወጣሉ።