ስለ ፑል ውድድርና ስለ አማተር ተጫዋች

ሱቅ ከተዘጋና የዕለቱ ሒሳብ ከተዘጋጀ በኋላ ጥቂት ሰዓት በጨዋታ ማሳለፍ ለነጋዴም ቢሆን የተገባ ነው። በከተሞቻችን የታወቀው የፑል ጨዋታም ከምሽት መዝናኛዎች አንዱ ነው። ከወዳጅ ጋራ ለመጫወት ብዙ ዕውቀት አያሻም። ነገር ግን ጨዋታው መተዳደሪያው ያልሆነ ሰው፤ ይኸውም አማተር የሚባለው፤ የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ ለውድድር ሲሰለፍ ነገሩ ይለወጣል፤ ገንዘቡ፤ ጊዜውና መልካም ስሙ አብረው ይገባሉና። ስለዚህ የመጀመሪያው ምት ከመመታቱ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸውን ጉዳዮች ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን።

«ስምንት ኳስ» በሚባለው ጨዋታ ከነጩ ሌላ 15 ኳሶች አሉ። ከ1 እስከ 7 ያሉት ሙሉ ቀለም፤ ከ9 እስከ 15 ያሉት ባለ ቀበቶ ናቸው። የወገኑን 7 ኳሶች ጨርሶ ጥቁሩን 8 ቁጥር በደንቡ የሚያስገባ ያሸንፋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል፤ ክርክር የሚነሣው በዝርዝሩ ነው። አንደኛ፤ አንዱ ጥፋት ሲሠራ ተከታዩ ነጩን ኳስ የሚያኖረው የት ነው? በዓለም አቀፉ ደንብ ጠረጴዛው ላይ በፈለገበት ስፍራ ነው፤ በአንዳንድ ቤት ግን ከመክፈቻው መስመር ኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛ፤ በመክፈቻው ምት 8 ቁጥር ቢገባስ? በአንዳንድ ደንብ ወዲያው ድል ነው፤ በዓለም አቀፉ ደንብ ግን ድል አይደለም፤ ኳሱ ወደ ስፍራው ይመለሳል ወይም ጨዋታው እንደ ገና ይከፈታል። ሦስተኛ፤ የሚመታው ኳስና የሚገባበት ጉድጓድ አስቀድሞ በቃል ይጠራል ወይስ አይጠራም? ዕቃ ከመጫኑ በፊት ዋጋውንና የማስረከቢያውን ስፍራ የማይጠይቅ ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ፤ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የመግቢያ ገንዘብ የሚከፍል ተጫዋችም ሊኖር አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ሒሳብ ነው። የተሸነፈ ወዲያው በሚወጣበት ውድድር 16 ሰዎች ቢገቡ 15 ግጥሚያዎች ይደረጋሉ፤ ከአሸናፊው በቀር እያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለበትና። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ብቻ በሚወጣበት ሥርዓት ግን ግጥሚያው 30 ወይም 31 ይሆናል። በፊተኛው ሥርዓት አንዱ ግጥሚያ 40 ደቂቃ ቢፈጅ፤ በአንድ ጠረጴዛ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። በ4 ጠረጴዛዎች ደግሞ አምስት ዙር፤ ማለት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጠረጴዛዎች ባዶ ይቆማሉና። በማግሥቱ ማለዳ ሱቅ የሚከፍት ሰው ይህን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅመዋል።

የግጥሚያው ርዝመት ከዚህም የበለጠ ጉዳይ አለው። አንድ አማተር ከእርሱ ከሚበልጥ ተጫዋች ጋራ ሲገጥም ከ100 ጨዋታ 40ውን የሚያሸንፍ ነው እንበል። ግጥሚያው በአንድ ጨዋታ የሚወሰን ቢሆን ዕድሉ ከ100 40 ነው። አስቀድሞ 3 ያሸነፈ የሚረታ ቢሆን ወደ 32፤ አስቀድሞ 5 ያሸነፈ የሚረታ ቢሆን ወደ 27 ይወርዳል። ግጥሚያው በረዘመ ቁጥር ብርቱው ይጠቀማል፤ ባጠረ ቁጥር ደካማው ተስፋ ያገኛል።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ «ማካካሻ» የሚባለው ዘዴ ተበጅቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሜሪካ የፑል ተጫዋቾች ማኅበር ለአማተሮች በሚያዘጋጀው የስምንት ኳስ ውድድር፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ችሎታው ከ2 እስከ 7 የሚደርስ ደረጃ ይሰጣል። ባለ 7 ደረጃው ከባለ 2 ደረጃው ጋራ ሲገጥም ብርቱው 7 ጨዋታ፤ ጀማሪው ግን 2 ብቻ ማሸነፍ ይጠበቅባቸዋል። ዘዴው መልካም ነው፤ ሆኖም ሁሉም እውነተኛ ችሎታውን በማሳየቱ ላይ የቆመ ነው። ደረጃው ዝቅ እንዲል ሆን ብሎ ደክሞ የሚጫወት ሰው፤ ሚዛን ላይ ጣቱን እንደሚያኖር ሻጭ ይቈጠራል።

የገንዘቡም ነገር በግልጽ ይታይ። 16 ተጫዋቾች 200 ብር ቢከፍሉ 3,200 ብር ይሰበሰባል። ለጠረጴዛ ኪራይ 400 ብር ቢነሣ 2,800 ይቀራል። ለአንደኛው 1,400፤ ለሁለተኛው 840፤ ለቀሩት ሁለት እያንዳንዳቸው 280 ብር ቢሰጥ፤ 12ቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሁሉም በችሎታ እኩል ቢሆኑ እንኳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ በአማካይ 175 ብር ነው። እንግዲህ 200 ብሩን ለአንድ ምሽት መዝናኛ እንደ ተከፈለ ዋጋ የሚቈጥር ሰው አይጐዳም፤ እንደ ትርፍ ምንጭ የሚቈጥረው ግን ሒሳቡን ስቷል።

ስለ አጨዋወቱ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አማተር አብዛኛውን ጊዜ ያገኘውን ኳስ ሁሉ ለማስገባት ይቸኩላል። ስድስቱን አስገብቶ አንዱ ከጠርዝ ተጣብቆ ቢቀርበት፤ የባላጋራው ሰባት ኳሶች መንገዱን ሁሉ ዘግተው ይጠብቁታል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው የሚያደርስ መንገድ ካልታየ፤ ነጩን ኳስ ለባላጋራው በማይመች ስፍራ አስቀምጦ ተራውን መልቀቅ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዳኛ አለመኖሩ ነው። በእንዲህ ያለው ትንሽ ውድድር ጥፋቱን የሚናገረው ራሱ አጥፊው ነው። የተመታው ኳስ ከተነካ በኋላ አንዳች ኳስ ጉድጓድ ካልገባ ወይም ጠርዝ ካልነካ ጥፋት ነው፤ ይህንም ብዙ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው መቺው ብቻ ነው። እጀ ጠባቡ ኳስ ቢነካ ማንም ላያየው ይችላል። የሚያጠራጥር ምት ሲመጣ፤ ከተመታ በኋላ ከመከራከር ከመመታቱ በፊት ሦስተኛ ሰው ጠርቶ እንዲመለከት ማድረግ የታወቀ ልማድ ነው። ማንም ያላየውን ጥፋት «የእኔ ነው» ብሎ ነጩን ኳስ ለባላጋራው የሚያስረክብ ሰው አንድ ጨዋታ ያጣ ይሆናል። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ነገ በዱቤ የሚሸጡለት፤ ወይም ከእርሱ የሚገዙ ናቸው። ከሽልማቱ ይልቅ ያን ምሽት ያዩትን ሲያስታውሱ ይኖራሉ።

ስለዚህ ውድድር የሚያዘጋጁ የቤት ባለቤቶች ደንቡን፤ የግጥሚያውን ርዝመትና የሽልማቱን አከፋፈል በአንድ ወረቀት ጽፈው ከግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የሚጫወቱትም ከመክፈላቸው በፊት ያንብቡት። ይህ ሲሆን ተሸናፊው ሳይከፋ ይሄዳል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመልሶ ይመጣል።