ቡችላዎን ከመኪና ጋር ያላምዱ፤ ክትባቱ እንዳያመልጠው

ውሻ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ተፈትቶ ግቢ ሲጠብቅ ያድራል። መኪና ውስጥ የሚገባው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ በቡችላነቱ ከእናቱ ተለይቶ በካርቶን ሲመጣ፤ ከዚያም ለክትባት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲወሰድ። ሁለቱም ጉዞዎች ለቡችላው አስደንጋጭ ናቸው። በአንዱ እናቱን ያጣል፤ በሌላው መርፌ ይወጋል። ስለዚህ የመኪና በር ሲከፈት ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ ቢንቀጠቀጥና ቢያለቅስ ሊያስገርመን አይገባም።

ጉዳዩ ግን የቡችላው ምቾት ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡም ጤና ጭምር እንጂ። መኪና የሚፈራ ቡችላ አድጎ ትልቅ ውሻ ሲሆን አንስቶ ማስገባት ያስቸግራል። «በሚቀጥለው ወር እወስደዋለሁ» እየተባለም ክትባቱ ከወር ወር ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ አማካይነት ነው። በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል። የእርስዎ ቡችላ ከእነዚህ አንዱ እንዲሆን መጀመሪያ ያለ ጭንቀት ክሊኒክ መድረስ አለበት።

ለምን ይፈራል?

የቡችላ ችግር ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ የአካል፣ ሌላው የስሜት ነው።

የአካሉ ችግር የሚነሳው በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ካለው የሰውነት ሚዛን መጠበቂያ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በቡችላነት ዕድሜ ገና አልጠነከረም። መኪናው ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲይዝ ወይም በጎርበጥባጣ መንገድ ሲነጥር ጆሮ የሚያስተላልፈው መልእክትና ዓይን የሚያየው ነገር አይጣጣሙም። ውጤቱም መኪና የሚያዞረው ሰው እንደሚሰማው ዓይነት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። አብዛኞቹ ቡችሎች ወደ አንድ ዓመት ሲጠጉ ይህ ችግር እየቀለላቸው ይሄዳል።

የስሜቱ ችግር ግን ካልታረመ ሊከርም ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ መኪና ውስጥ ያስመለሰ ቡችላ መኪናን ከሕመም ጋር ያያይዛል። ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይነሳ፣ ገና በሩ ሲከፈት ለሃጩ መዝረብረብ ይጀምራል።

ቡችላ አዳዲስ ነገሮችን በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ወቅት ያላስፈራው ነገር ካደገም በኋላ ብዙ አያስፈራውም። ቡችላ ከእናቱ ሊለይ የሚገባው ሁለት ወር ከሞላው በኋላ ሲሆን የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው በሦስት ወሩ ነው። በመካከል ያለው አንድ ወር እንግዲህ ለማለማመድ የተመቸ ጊዜ ነው ማለት ነው።

የፍርሃትና የሕመም ምልክቶች

ቡችላ ማስመለሱን ድንገት አይጀምርም፤ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ደጋግሞ ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይቀብራል። ከሁሉም በላይ የሚወደውን ምግብ ቢሰጡት አይቀበልም። ይህ ለባለቤቱ ከሁሉ የቀለለ መለኪያ ነው። የሚበላ ቡችላ ተረጋግቷል፤ አልበላም ያለ ቡችላ ፈርቷል ወይም አሞታል።

በአንድ ወር ውስጥ ማለማመድ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ ዋናው ቁም ነገር አለመቸኮል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መኪናውን ግቢ ውስጥ እንደቆመ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ይተዉት። በሮቹን በሁለቱም በኩል ይክፈቱ። ቡችላው የሚተኛበትን አሮጌ ጋቢ ወይም ጨርቅ ወንበሩ ላይ ያንጥፉ፤ የራሱን ጠረን ሲያገኝ ይረጋጋል። ከዚያ ትንንሽ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ቁራሽ ዳቦ መጀመሪያ ከመኪናው አጠገብ፣ ቀጥሎ መግቢያው ላይ፣ በመጨረሻም ውስጥ ያስቀምጡ። ጎትተው አያስገቡት፤ በራሱ ፈቃድ ይግባ፣ በራሱ ፈቃድ ይውጣ። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

በሁለተኛው ሳምንት አብረውት ተቀምጠው በሩን ይዝጉ። ጥቂት ቆይተው ይክፈቱለት። ይህን ሲለምድ ሞተር ያስነሱ፤ ነገር ግን አይንቀሳቀሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ እያሻሹትና ምግብ እየሰጡት ቆይተው ሞተሩን ያጥፉ።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናውን እስከ ግቢው በር ድረስ ብቻ ያንቀሳቅሱና ይመልሱ። ቀጥሎ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዙሩ። ሲመለሱ ወዲያው አያስሩት፤ ያጫውቱት። ጉዞ በጨዋታ እንደሚያበቃ ይማራል።

በአራተኛው ሳምንት ጉዞውን ወደ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ያሳድጉ። ከተቻለ ከክትባቱ ቀን በፊት አንድ ጊዜ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ይውሰዱት። ባለሙያው ሳይወጋው ቢያሻሸውና ጉርሻ ቢሰጠው፣ ተመልሶ ሲመጣ በሩን አይቶ አይሸሽም።

በየትኛውም ደረጃ ላይ ቡችላው ከፈራ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ። አንድ ቀን ወደ ኋላ መመለስ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ፍርሃት ከማትረፍ ይሻላል።

መኪና ከሌለዎትስ?

በታክሲ ወይም በባጃጅ የሚጓዝ ሰውም ከሥራው ግማሹን ቤቱ ውስጥ መሥራት ይችላል። አየር የሚያስገባ ጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሳጥን ያዘጋጁ፤ ካርቶን በሽንት ሲርስ ይቀደዳል። ሳጥኑን ከቡችላው መኝታ አጠገብ ክፍት አድርገው ያስቀምጡ፤ ምግቡንም እዚያው ውስጥ ይስጡት። ሳጥኑን እንደ ቤቱ የለመደ ቡችላ በማንኛውም ተሽከርካሪ ውስጥ ቤቱን ይዞ ይጓዛል። ከአሽከርካሪው ጋር ግን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚነሳ ጭቅጭቅ ቡችላውንም ያስደነግጠዋል።

በጉዞው ዕለት

ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰዓታት ምግብ አይስጡት፤ ውኃ ግን አይከልክሉት። ትንሽ ቡችላን ከዚህ ላለፈ ረጅም ጊዜ ማስራብ ደግሞ ያደክመዋል። ከመነሳትዎ በፊት ሽንቱን እንዲሸና ያድርጉ።

ሳጥኑን ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ያስቀምጡት፤ ወይም በኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ይሰሩት። ቡችላን አሽከርካሪው ጭን ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ከፍሬኑ ሥር ሊገባ፣ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜም ወደ ፊት ሊወረወር ይችላል። ዕቃ መጫኛው ውስጥ መቆለፍም አየርና ብርሃን ስለሚያሳጣው ፍርሃቱን ያብሳል። መስኮቱን ጥቂት ይክፈቱ፤ ጭንቅላቱን እንዲያወጣ ግን አይፍቀዱለት። በቀስታ ይንዱ፤ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ይቀንሱ። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጓዙ ከሆነ በየመሐሉ ቆም ማለትን አይርሱ።

ሲቆሙ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚውሉበት ቦታ መሬት ላይ አይልቀቁ። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ከታመመ ውሻ ሰገራ ወጥቶ መሬት ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ቡችሎችንም በብርቱ ተቅማጥና ትውከት ይገድላል።

ቡችላው ቢያስመልስ ወይም ቢጸዳዳ አይቆጡት፤ ቁጣ መኪናውን ይበልጥ ያስጠላዋል። ቆሻሻውን በፕላስቲክ ይዘው ያንሱና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በቡችላ ሰገራ ውስጥ የሚገኙ የወስፋት ትሎች እንቁላሎች ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ሊተላለፉ ይችላሉ።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ለሰው የተዘጋጀ መድኃኒት አይስጡት። ለሰው ሕመም ማስታገሻ የሆኑት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ። ማለማመዱ ብቻውን ማስመለሱን ካላስቆመው ለውሻ የተዘጋጀ የጉዞ ሕመም መድኃኒት ስላለ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

«አንዴ ልግባና ልውጣ» ብለው በተዘጋ መኪና ውስጥ ትተውት አይሂዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ ስለማያልብ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ አየሩ ከጋለ ይህም አይረዳውም።

በአንገቱ ማሰሪያ እየጎተቱ ወይም እየመቱ ለማስገባት አይሞክሩ። የተጨነቀ ቡችላ ራሱን የሚከላከለው በጥርሱ ነው።

ቢነክስ ወይም ቢቧጭር

በጉዞ ላይ የፈራ ቡችላ የቤቱን ሰው ሊነክስ ይችላል። «ትንሽ ቡችላ ነው፣ ምን ያመጣል?» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቡችላም ይተላለፋል፤ የተበከለ ለሃጭ የቆሰለ ቆዳን ወይም ዓይንና አፍን ቢነካም በቂ ነው።

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል አይነስንሱበት። ቀጥለው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያ ነው። በሽታው ከንክሻ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሳይታይ ስለሚቆይ፣ ዛሬ ደህና መሆንዎ ዋስትና አይሆንም። ውሻውንም አይግደሉት፤ አስረው ለ10 ቀናት ይከታተሉት። ጤናው ከተለወጠ ለእንስሳት ሐኪምና ለሚከታተልዎ የጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ክትባቱ የአንድ ጊዜ ብቻ አይደለም

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪሙ በሚያዝዘው መሠረት በተለምዶ በየዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ ቡችላዎ ዛሬ የለመደው መንገድ በሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ ይጠቅምዎታል። የክትባት ካርዱን ከቤተሰቡ የጤና ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮም ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ።

ዛሬ ማታ ቡችላዎን ሲመግቡ ሳህኑን ከቆመው መኪና አጠገብ፣ መኪና ከሌለዎትም ከሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡለት። ማለማመዱ ከዚህ ይጀምራል።