የሽፋኑ ጀርባ

አልበሙን ጨርሶ ሽፋን ሊያሠራ ወደ እኔ የሚመጣ ድምፃዊ በአብዛኛው ይዞ የሚመጣው ፎቶ ነው። እኔ ግን ፎቶውን ከማየቴ በፊት የስም ዝርዝሩን እጠይቃለሁ። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ማን አቀናበረው? ሳክስፎኑን የተጫወተው ማን ነው? ዝርዝሩ ተሟልቶ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

ስለ ሽፋን ጥበብ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ሥዕሉ ነው፤ ይገባዋልም። ዲዛይነሩ አሌክስ ስታይንዋይስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ሥዕል ያለበት ሽፋን መሥራት እስኪጀምር ድረስ ሸክላ የሚሸጠው በአብዛኛው ጌጥ በሌለው ወረቀትና ካርቶን ተጠቅልሎ ነበር። እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ሪድ ማይልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ለብሉ ኖት የጃዝ ኩባንያ በመቶ የሚቆጠሩ ሽፋኖችን ነድፏል፤ ፎቶዎቹን በብዛት ያነሳው ፍራንሲስ ዎልፍ ነበር። የፒያኒስቱን የሶኒ ክላርክን የ1958 (እ.ኤ.አ.) አልበም ‹ኩል ስትራቲን›ን ተመልከቱ። መንገድ ላይ የምትራመድ ሴት እግሮች ይታያሉ፤ እዚያው ፊት ለፊት ከፒያኒስቱ ስም ጋር የአራቱ ባልደረቦቹ ስም ተደርድሯል። የአቀናባሪውን ስም ፊት ላይ እናውጣ ስል ‹‹ሽፋኑን ያጨናንቀዋል›› የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ማይልስ አምስት ስም አስፍሮ ሽፋኑ ዛሬም ይተነፍሳል።

በእርግጥ የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርዕስን ከስም፣ ስምን ከሙያ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ብቻ ነው። ‹ቢ›ን ከ‹ቤ› የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ጽሑፉ ሲያንስ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ቦታ ጠበበ ብሎ ፊደሉን ከጎንና ከጎን መጭመቅም ቀጫጭኖቹን መስመሮች ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ንድፉን በትልቁ ስክሪን ወድጄው እንኳ ስልኬ ላይ አውራ ጣት በሚያህል መጠን ሳላየው አላስረክብም።

እኛ አገር የሽፋኑ ቦታ ራሱም ጠባብ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ከጀመረ በኋላ ከወጡት ሥራዎች አብዛኞቹ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ትናንሽ ሸክላዎች ነበሩ። ቀጥሎ የመጣው ካሴት ቦታውን ይበልጥ አጠበበው። ሆኖም በካሴቱ ሣጥን ውስጥ ባለችው ተጣጣፊ ወረቀት ላይ ‹ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር› ብሎ በየዘፈኑ መዘርዘር የተለመደ ሆነ። ሰዉ ይልማ ገብረአብን በግጥሙ፣ አበበ መለሰን በዜማው፣ ኋላም ኤልያስ መልካን በቅንብሩ ለይቶ እስከማወቅ የደረሰው እነዚያን ደቃቅ ጽሑፎች እያነበበ ጭምር ነው። ለእኔ የኢትዮጵያ የሽፋን ሥራ ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ ከየትኛውም ፎቶ አስበልጠዋለሁ።

ግርማ በየነን አስቡ። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ለእነ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ብዙ ዘፈን ያቀናበረ ሰው ነው። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቆ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ‹ኢትዮፒክስ› የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 30ኛ አልበም ከአካሌ ውቤ ባንድ ጋር በራሱ ስም ሲወጣ አድማጭ ማንነቱን ጠንቅቆ ሊያውቅ የቻለው ታሪኩን የመዘገቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ዛሬ ሽፋኑ ጀርባ የለውም። ኢንተርኔት ላይ ለሚጫን አልበም በአብዛኛው የሚጠየቀው 3000 በ3000 ፒክስል የሆነ አንድ አራት ማዕዘን ምስል ነው። ማሰራጫዎቹ የባለሙያዎችን ስም የሚያስገቡበት ቦታ አላቸው፤ የሚሞላው ግን ሥራውን የሚጭነው ወገን ነው፤ ካልሞላው ባዶውን ይቀራል። ሥዕሉ ያምራል፣ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ድምፃውያንና አሳታሚዎች፣ ዝርዝሩን ዲዛይነር ጋ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ጻፉት። ከነአባት ስሙ ይሁን፤ ‹ኃይሉ› በየትኛው ‹ኀ› እንደሚጻፍም ባለቤቱን ጠይቁት። እናንተም ቤታችሁ የቆየ ካሴት ያላችሁ፣ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።