ኪሎ ይተርፍሃል?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ትኬት የቆረጠ ሰው ለማንም ባይናገር እንኳ ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል። ከሰላምታው ቀጥሎ «ኪሎ ይተርፍሃል?» ይባላል። እኔ በሁለት ጉዞ ለአንድ ቤት ብቻ ሁለት ጊዜ ተሸክሜያለሁ። መጀመሪያ የዓሣ ዘይትና ማግኒዝየም ነበር። በሁለተኛው «ሙቀት ካገኘው ይበላሻል» የተባለ የባክቴሪያ ዱቄት በበረዶ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ መልስ ጠፋኝና «ለልጅ ነው» አልኩት። አሳለፈኝ።

ልጁ የአክስቴ ልጅ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ቤታቸው ስደርስ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከበርበሬውና ከኮረሪማው ጎን፣ አሥራ አንድ ብልቃጥ ቆጠርኩ። በየብልቃጡ ወገብ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «ጧት»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ማታ ግማሽ» ተብሎ ተጽፏል። አጠገባቸው ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አለ። «ዛሬ ውሃ አለ።» «ዛሬ ዓይን ዓይኔን አየኝ።» «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ እስኪነጋ ሮጠ።» እናቱ አንዱን ብልቃጥ አንስታ «የሠራልን ይሄኛው ነው መሰለኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ሌላውን ነካ አድርጋ «ወይም ያኛው» አለች።

ለዚህ «ወይም» ከሁሉ የቀረበ መልስ ያገኘሁት በሴክሬቲን ታሪክ ውስጥ ነው። ሴክሬቲን አንጀት የሚያመነጨው ሆርሞን ሲሆን፣ ሐኪሞች የቆሽትን ሥራ ለመመርመር ከአሳማ አንጀት የተገኘውን በመርፌ ይሰጡ ነበር። በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለዚሁ የሆድ ምርመራ መርፌውን የወሰዱ ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን መተያየትና መናገር እንደጀመሩ ጻፉ። ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ወሬው በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ወጣ፤ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋ፤ ወላጆች በውድ ዋጋ ያሳድዱት ጀመር።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1999፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የተባለው የሕክምና መጽሔት 60 ልጆች የተካፈሉበትን ሙከራ አወጣ። ገሚሶቹ ሴክሬቲን ተወጉ፤ ገሚሶቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ጨዋማ ውሃ። ማን ምን እንደተወጋ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም። እስከ መጨረሻው የተከታተሉት 56 ነበሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ የችግሩን ክብደት በሚለካው መጠይቅ የሴክሬቲኖቹ ነጥብ በአማካይ በ8.9 ቀነሰ። መልካም ነው። የውሃዎቹ ግን በ17.8 ቀነሰ! በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነቱ ጉልህ አይደለምና ውሃው በለጠ ማለት አይቻልም። መድኃኒቱ በለጠ ማለት ግን ጨርሶ አይቻልም።

ሁለቱም ወገን የተሻለው ለምንድን ነው? ልጅ ያድጋል፤ ኦቲዝም ያለበትም ልጅ ያድጋል። ወላጅ አዲስ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ነገሩ በከፋበት ወር ነው፤ ከከፋ ወር በኋላ ሻል ያለ ወር መምጣቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ መርፌ የተወጋለት ልጅ እናት ትናንት ሳታስተውለው ያለፈችውን ፈገግታ ዛሬ ትቆጥራለች። የአክስቴ ልጅ ደብተር የተሞላው በዚህ ዓይን ነው። አትዋሽም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው።

በዚያ ሙከራ ከቁጥሮቹ ሁሉ አብልጦ የሚያስገርመኝ አንድ ነው። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ከወላጆቹ 69 በመቶ አሁንም ሴክሬቲን እንፈልጋለን አሉ። ከዚያ ወዲህ ከ900 በላይ ልጆች የተካፈሉባቸው 16 ሙከራዎች ተደምረው ተገምግመዋል፤ የተገኘ ጥቅም የለም።

እነዚህን ወላጆች ሞኞች ለማለት የሚቸኩል ሰው ከሐኪም ምን ሲሰሙ እንደኖሩ አያውቅም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአሜሪካ ሊቃውንት ኦቲዝምን የሚያመጣው የእናት ፍቅር ማጣት ነው ይሉ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም የዚህ አስተሳሰብ ዋና ሰባኪ ነበር። ይህን በ1964 በመጽሐፉ ያፈረሰው በርናርድ ሪምላንድ የባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ጉዳዩ የአንጎል እንጂ የእናት ጥፋት አይደለም አለ፤ ልክም ነበር። ይኸው ሰው በኋላ ቫይታሚን ቢ6ን ከማግኒዝየም ጋር በብዛት መስጠትን አራመደ። በ1995 ደግሞ ልዩ አመጋገብንና ማሟያዎችን የሚያዝዙ ሐኪሞችን ያሰባሰበውን እንቅስቃሴ መሠረተ። እናትን ከጥፋተኝነት ቀንበር ያወጣ ሰው ስለ ቫይታሚን ሲናገር ማን ጆሮውን ይነፍገዋል? ቢ6 ግን በጥሩ ሙከራ ራሱን አላስመሰከረም፤ ሲበዛም ነርቭ ይጎዳል።

እኛም ዘንድ ክሱ አለ፤ ስሙ ብቻ ይለያል። እርግማን ነው፣ የሠራችው ኃጢአት ነው፣ በእርግዝናዋ ጊዜ መንፈስ ተጠግቷት ነው። በአዲስ አበባ የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉ 102 ሰዎች ጋር የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከሩብ የሚበልጡት ከሰው ለመሸሸግ እንደሚጥሩ መዝግቧል። ሳይሟላላቸው የቀረው ነገር ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተናገሩት ስለ ትምህርት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ይህንኑ በገዛ ልጃቸው አይተውት ነው። በየሚዲያው እየወጡ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለታቸው ብቻውን ስንቱን የተዘጋ በር እንዳስከፈተ በዚያ ዘመን የነበረ ያስታውሳል።

ስለ ጸበል እንዳልጠይቅ የመከሩኝ አሉ። ለምን? ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚሸሻት እናት ልጇን ይዛ ጸበል ስትሄድ የሚያፍርባት የለም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምፈራው ሌላ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። ጸበል ሲጀመር የዚያ በሽታ ክኒን ከተቋረጠ ልጁ ላይ የሚደርሰው ከባድ ነው። ታስሮ የሚጠመቅ ልጅም አለ፤ ይህን ካህኑም ሐኪሙም ሊቆጣው ይገባል።

ሠለጠነ በሚባለው አገር የሚደረገው ግን ከዚህ አያንስም። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣውና 12 ልጆችን ብቻ የያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ ክትባትን ከኦቲዝም አገናኘ፤ መጽሔቱ በ2010 ሰረዘው። በእሱ ዙሪያ በተነሣው ፍርሃት «ክትባቱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ነው» የሚል ሌላ ወሬ ተስፋፋ፤ ብረታ ብረትን ከደም ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት በደም ሥር መስጠትም ተለመደ። በ2005 በፔንስልቬንያ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በዚሁ ሕክምና ላይ እያለ ሞተ። መድኃኒቱ የደሙን ካልሲየም ስላራቆተው ልቡ ቆመ። ከዚያ የባሰም መጣ። «ተአምረኛ ማዕድን» የሚል ስም የወጣለት ውህድ ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ጨርቅ ማንጫ በረኪና ነው የሚሆነው። ይህን ለልጆቻቸው ያጠጡ፣ በፊንጢጣቸውም የሰጡ ወላጆች አሉ። ሻጮቹ፣ ራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ብለው የሰየሙ አንድ አባትና ሦስት ልጆቹ፣ በ2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ተፈርዶባቸዋል።

መደርደሪያው ላይ ያሉት አሥራ አንዱ እንደነዚህ አይደሉም። ግን «አሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው እምነታችን አንድ ነገር ይስታል። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ማሟያ የሚሸጥ ኩባንያ ምርቱ እንደሚሠራ አስቀድሞ ለመንግሥት ማስመስከር የለበትም። አንዱን ብልቃጥ አዙሬ ለልጁ እናት በመነጽር አነበብኩላት። መንግሥት ይህን አባባል አልገመገመውም፤ ምርቱ በሽታን ለመመርመርም፣ ለማከምም፣ ለመፈወስም የታሰበ አይደለም ይላል። «እንዲህ ይላል?» አለችና ተቀብላኝ ራሷ አየችው። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህል ነው።

ከአመጋገቡ ወገን በጣም የተወራለት ስንዴና ወተትን መተው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ ሲሉ ጤፍ በውድ የሚገዙ ፈረንጅ ወላጆች አሉ፤ ጤፍ ግሉተን የለበትምና። እንግዲህ በሁዳዴ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በሽሮ የሚበላ ልጅ ሳያውቀው ይህን አመጋገብ ጠብቋል ማለት ነው። ፈውስ ቢሆን ኖሮ ፋሲካ ሲደርስ በየሰፈሩ በተወራ ነበር። ቀልዴ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ሮቸስተር ላይ 14 ልጆች በጥብቅ ቁጥጥር የተሞከሩበት ጥናት ነው፤ ስንዴውና ወተቱ በድብቅ ሲመለስላቸው የባሕርይ ለውጥ አልታየም። ትንሽ ጥናት ነው፤ ግን ከወሬው ይሻላል። ሌላ ጥናት ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸውን 75 ወንዶች ልጆች አጥንት ለክቶ፣ ወተት የተከለከሉት አጥንታቸው ይበልጥ የሳሳ ሆኖ አግኝቷል። ከሦስት ዓይነት ምግብ ሌላ በማይነካ ልጅ ላይ (እንዲህ ያለውም ብዙ ነው) ሌላ ክልከላ መጨመር ከአፉ መንጠቅ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የጎደለውን ቫይታሚን በሐኪም ምርመራ አውቆ መተካት ግን ተገቢ ነው።

የሚረዳ ነገር ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ ለሚያጡ ልጆች ሜላቶኒን እንደሚረዳ ጥሩ ማስረጃ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ወላጆች በጨዋታና በቤት ውስጥ ሥራ መሃል ከልጃቸው ጋር መግባባትን የሚለማመዱበት ሥልጠናም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ሥልጠና በሻንጣ አይላክም፤ ስለዚህም ማንም አይጠራኝም።

በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት ሉኮቮሪን የተባለውን መድኃኒት ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ሲያስተዋውቅ ግን ስልኬ ይጮኽ ጀመር። ሉኮቮሪን የካንሰር መድኃኒት የሚያደርሰውን ጉዳት ለማርገብ ሲያገለግል የኖረ ነው። ከኦቲዝም ጋር በተያያዘ ከተደረጉት ሙከራዎች የታወቀው 48 ልጆችን ብቻ የያዘ ነው። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቶበታል። በሦስት ልጆች ስለተጀመረው ስለ ሴክሬቲንም እንዲህ ተብሎ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከሐኪሙ ጋር ተመካክራ አንድ ነገር አደረገች። ብልቃጦቹን በየወሩ አንድ አንድ እያለች አቆመች፤ ለልጁ አስተማሪ ግን አልነገረቻትም። በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ «እንዴት ሰነበተ?» ትላታለች፤ መልሷን ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ማግኒዝየሙ የቆመ ጊዜ ልጁን ያስቸግረው የነበረው ተቅማጥ ተወው። ሜላቶኒኑ የቆመ ጊዜ ሌሊቱ ተበላሸ፤ እሱ ተመለሰ። ስምንቱ ሲቆሙ አስተማሪዋ ያስተዋለችው ምንም የለም። አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት ብልቃጥ ቀርቷል፤ ሜላቶኒኑና የዓሣ ዘይቱ።

«የዓሣ ዘይቱን ለምን አላቆምሽውም?» አልኳት በስልክ።

«እሱን ካቆምኩ ምንም ያላደረግኩለት ይመስለኛል፣ ወንድሜ።»

ለገና ስሄድ ሁለት ብልቃጥ ይዤላት እሄዳለሁ።