ሆድ ይፍጀው

አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። ካርድ አውጥተን ተራ እየጠበቅን ነው። «አንተም ጨጓራ ነው ልጄ?» አሉኝ። አራት ዓመት እንዳለፈኝ ነገርኳቸው። እሳቸው ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። መቼ እንደጀመራቸው ግን አይጠራጠሩም፤ ሳዑዲ የሄደችው የመጨረሻ ልጃቸው ስልኳ የጠፋ ወር ነው። «ለማን ይነገራል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ» አሉና ነጠላቸውን መልሰው ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ክሊኒክ ተመላልሻለሁ፤ የሁሉም ሥርዓት አንድ ነው። ሰገራ ይመረመራል፣ ኤች ፓይሎሪ አለብህ ይባላል፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ይታዘዛል። ካልተሻለህ ኦሜፕራዞል፤ በርበሬ ቀንስ፤ ቡና ተው። የዚያን ቀኗ ወጣት ሐኪም ግን ሆዴን ዳብሳ ስታበቃ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን አገናኘው አልኩ በሆዴ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምነቃ፣ ከነቃሁ በኋላም የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ስደምር ስቀንስ እንደሚነጋብኝ ነገርኳት። ዝም ብላ ጻፈች።

«በሆዴ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። አማርኛ ለጭንቀት የሰጠው አድራሻ ጭንቅላት አይደለም። የተከፋ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፤ ናፍቆት የያዘውን ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ የተበሳጨ አንጀቱ ያርራል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፣ ቶሎ የሚያዝነው ሆደ ባሻ። የሚያሰለቸንን ሰው «ጨጓራዬን ላጥከው» እንለዋለን። እፎይታውም መንገዱ በዚያው ነው፤ ደስ ሲለን አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል። የታክሲ ረዳቱ ዛሬ «ስትረስ አታርገኝ» ማለት ለምዷል፤ ቃሉ ከውጭ ገባ፣ ሕመሙ ግን የድሮ ሠፈሩን አልለቀቀም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ይህንኑ አማርኛ ይዘው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብዙ አለመግባባት ተፈጥሯል። ሆዴን አመመኝ ሲሉ ሐኪሙ የአንጀት ምርመራ ያዝዛል፤ ምርመራው ምንም አያሳይም። ነገሩ በ1990ዎቹ የምርምር ርዕስ እስከመሆን ደርሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ቋንቋችን ተሳስቷል? አልመሰለኝም። ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ገና የሐርቫርድ ሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ያኔ አዲስ በነበረው ኤክስሬይ የድመቶችን ጨጓራ ያጠና ነበር። ድመቷ ተረጋግታ ስትቀመጥ ጨጓራዋ ምግቡን ሲያሽና ሲገፋ ይታያል። ስትቆጣ ወይም ስትደነግጥ ግን እንቅስቃሴው ቀጥ ይላል። ካነን ይህን ሲከታተል ኖሮ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውነት አደጋ ሲያይ ለመፋለም ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚሰናዳ አብራራ። የነገሩ ጅማሬ ግን ያችው የድመት ሆድ ናት።

አሠራሩን ለማየት መገናኛ ላይ አስፋልት መሻገር ይበቃል። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲያምባርቅብህ ገና ሳታስብ ዘለህ ዳር ደርሰሃል። ከኩላሊቶችህ አናት ላይ ቁጢጥ ያሉት ሁለት እጢዎች አድሬናሊን ረጭተዋል። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ በሆድ ዕቃ ይዞር የነበረው ደም ወደ ጡንቻ ይላካል። አፍህ ክው ብሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ ምራቅም የምግብ መፍጫው ሠራተኛ ነውና ሥራ አቁም ተብሏል። ቀጥሎ ከእነዚያው እጢዎች ኮርቲሶል ይመጣል። እሱ ዘግይቶ መጥቶ ዘግይቶ የሚሄድ ነው፤ ስኳሩ እንዳይጎድል ይጠብቃል፣ ቁስል የሚያስቆጣውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳል። ሚኒባሱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሚኒባሱ ካላለፈስ? የኪራይ ጭማሪ ወር በወር የሚመጣ ሚኒባስ ነው። ሰውነታችን የአከራይን የስልክ ጥሪ ከጅብ ለይቶ አያውቅም፤ ለሁለቱም የሚያወጣው ያንኑ ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ለሁለት ደቂቃ የታሰበ የደም ግፊት ለሁለት ዓመት ሲከርም የደም ሥር ያጎሳቁላል። ሌሊት ኮርቲሶል ዝቅ ማለት ሲገባው ከፍ ሲል እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይደነግጣል። ትከሻና አንገት ይደድራሉ፣ ራስ ምታት ይከተላል። ስኳር ያለበት ስኳሩ አልስተካከል ይለዋል።

ይህን የከረመ ውጥረት በስሙ እንድንጠራው ያደረገው ቪየና ተወልዶ ሞንትሪያል የሠራው ሐንስ ሴልዬ ነው። አዲስ ሆርሞን አገኛለሁ ብሎ ከእንቁልጢ የተጨመቀ ነገር አይጦችን ይወጋቸዋል። ሲከፍታቸው በኩላሊቶቻቸው አናት ያሉት አድሬናል እጢዎች አብጠዋል፣ ደረታቸው ውስጥ ያለው የመከላከያ እጢ ሟሽሿል፣ ጨጓራቸው ቆስሏል። ደስ አለው። በኋላ ግን ሌላ ጭማቂ ቢወጋቸው ያው ነው፤ መርዛም ፎርማሊን ቢወጋቸውም ያው ነው። የተመኘው ሆርሞን ውኃ በላው። በምትኩ፣ መከራው የተለያየ ቢሆንም የሰውነት ምላሽ አንድ መሆኑን በ1936 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጣት አጭር ጽሑፍ አሳወቀ። ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ የጨጓራ ቁስለት እንደነበር አትርሱ።

ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት «ጨጓራ የጭንቀት በሽታ ነው» ተብሎ ተኖረ። እስከ 1984 ድረስ። በዚያ ዓመት አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ኤች ፓይሎሪ የተባለችውን ባክቴሪያ በብርጭቆ ጨልጦ ጠጣ። ባልደረባው ሮቢን ዋረን በማይክሮስኮፕ ያያትን ተሕዋሲ ማንም ጥፋተኛ ናት ብሎ ስላላመናቸው ነው። በቀናት ውስጥ ማስመለስ ጀመረው፤ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። ሁለቱ በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። አብዛኛው የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ከዚህችው ባክቴሪያ እንደሚመጣ ዛሬ አያከራክርም፤ በፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ምርመራውን አልንቅም። ጥቁር ሰገራ ያየ፣ ደም ያስመለሰው ወይም ክብደቱ ሳይታወቀው የቀነሰ ሰው ተልባና አብሽ እየጠጣ መቆየት የለበትም፤ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ግን ባክቴሪያዋ ብቻዋን አይደለችም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ይዟት ይኖራል፤ የሚቆስለው ጥቂቱ ነው። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ የጨጓራቸው ቁስል የበሳባቸው ሕሙማን ቁጥር ጨመረ። በ1995 ጃፓን ውስጥ ቆቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላም ሐኪሞች ደም የሚያፈስ የጨጓራ ቁስለት መብዛቱን መዝግበዋል። ባክቴሪያዋ በአንድ ሌሊት አልተዛመተችም፤ የተናወጠው ሰው ነው። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ በኢንዶስኮፒ ጨጓራቸው ታይቶ አንዲት ቁስል ያልተገኘባቸው፣ ሕመማቸው ግን እውነተኛ የሆነ። «ምንም የለብህም» ተብለው ይሸኛሉ። ከዚህ የከፋ የምርመራ ውጤት አላውቅም።

ከሆድ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አስታማሚ ለሆነ ሁሉ ይጠቅማልና። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ክንድ ላይ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ቁስል ቀደው እስክትድን ቆጠሩ። እኩያዎቻቸው ከሆኑ፣ ነገር ግን ማስታመም ከሌለባቸው ሴቶች ቁስል በዘጠኝ ቀን ዘግይታ ዳነች። ይህ በ1995 ታተመ። እኛ አገር አስታማሚ ማለት ኮሪደር ላይ ሳጠራ አንጥፋ የምታድር፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የምታካልል፣ ወደ ቤት ስትመለስ ደግሞ «አንቺ ደኅና ነሽ?» የሚላት ያጣች እኅት ናት። እሷም ቁስል አላት፤ የሚቆጥርላት የለም እንጂ።

ጭንቀት በሰውነት ላይ እንደሚወጣ ሐኪሞቻችን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ ለአሥርት ዓመታት በተካሄዱት የአእምሮ ጤና ጥናቶች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው ሃያ ጥያቄዎች ወደ አማርኛ ተመልሰው ገበሬውና ባለጎጆው ተጠይቀዋል። ጥያቄዎቹ የሚለኩት ጭንቀትና ድብርትን ነው፤ በከፊል የሚጠይቁት ግን ራስህን ያምሃል ወይ፣ ምግብ ይፈጭልሃል ወይ፣ ሆድህን ይረብሽሃል ወይ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ እያሉ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢፈጁ ነው። ወረፋው ሃምሳ ሰው የሆነበት ክሊኒክ ግን አምስት ደቂቃ የለውም። ባለሙያውም ጥቂት ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የነበረን ስም አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ እሱንም ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ግባ» የሚባልበት ከተማ ውስጥ ጨጓራ አመመኝ ማለት ክብር አለው።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ «ዘና በል» የሚለውን ምክር አልወደውም። ኪራይ የተጨመረበትን ሰው ዘና በል ማለት ስድብ ነው። ትንፋሽ አከራይን አያሳምንም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከአከራዩ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ያን ጊዜ የሚቻለው ከገዛ ሰውነት ጋር መነጋገር ነው።

መነጋገሪያው ቫገስ የሚባል ነርቭ ነው። ከአንጎል ተነሥቶ በአንገት ወርዶ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራንና አንጀትን ያዳርሳል። ከውስጡ ካሉት ክሮች ከአምስት አራቱ ያህሉ መልእክት የሚወስዱት ከታች ወደ ላይ ነው። ሆድ ለአንጎል የሚነግረው አንጎል ለሆድ ከሚነግረው ይበልጣል ማለት ነው። የእጅህን ትርታ ይዘህ በዝግታ ተንፍስ፤ አየር ስታስወጣ ልብ ትንሽ ትዘገያለች። ይህ የቫገስ እጅ ነው። ማስወጣቱን ማርዘም ብቻ ይበቃል፤ አራት እየቆጠርክ ብታስገባ፣ ስድስት እየቆጠርክ ብታስወጣ፣ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል።

ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም 23 ጤነኛ ሰዎችን የካቶሊኮቹን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ የዮጋውንም ማንትራ እንዲደግሙ አድርጎ ትንፋሻቸውን ለካ። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ወረደ፤ በ2001 ታትሟል። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የእናቴ መቁጠሪያ ነው። ሌሊት ከመኝታዋ ተነሥታ፣ መብራት ሳታበራ፣ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ስትል የምሰማው ድምፅ። ጎረቤታችን ሐጂም ከፈጅር በኋላ በመስበሓቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እነሱ ለትንፋሽ ብለው አልጀመሩትም፤ ለሌላ ነው። ሰውነት ግን የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሌላም አለ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያስተማረው ነው። ተጋድመህ የእግርህን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ ጭምድድ ታደርግና ትለቃለህ፤ ከዚያ ባት፣ ከዚያ ጭን፣ እያልክ እስከ ግንባር። ሞኝነት ይመስላል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ትከሻዬ ላይ ሳልደርስ ይወስደኛል።

የቡናው ነገር አስቸጋሪ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ፣ ዕጣኑ፣ የጎረቤቱ ጨዋታ፣ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» የሚለው ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ ሐኪም ቤት የማይገኝ ሕክምና ነው። ሲኒው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ራሱ አድሬናሊን ቀስቃሽ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ግማሹ ገደማ ምሽት አራት ሰዓትም ደምህ ውስጥ ነው። እኔ አሁን አቦልን ጠጥቼ ለቶናና ለበረካ ወሬውን ብቻ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ግን ይህን እንደ ክህደት ነው የቆጠረችው። ጫትና ቢራ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ምርቃናው ልብ እየደለቀ የሚመጣ ደስታ ነው፤ ቢራውም እንቅልፍ ያመጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ መልሶ ይወስደዋል።

የዚያን ቀን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ቆሜ ሳለሁ ባለ ነጠላዋ እናት ከሐኪሟ ክፍል ወጡ። ብዙም አልቆዩ። ወረቀታቸውን አየሁት፤ ኦሜፕራዞል።

«ስለ ልጅዎ ነገሯት?» አልኳቸው።

«እንቅልፍ እንዴት ነው አለችኝ።»

«ምን አሉ?»

«ደኅና ነኝ አልኳት እንጂ። እኔ የመጣሁት ለጨጓራ ነው።»